«ለፍሬን ከሆነ አልሸጥልዎትም»

ተክለ ሃይማኖት፣ ሶማሌ ተራ ውስጥ ነጋዴ «ብርዎን አልፈልግም» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ባለፈው ቅዳሜ ሰማሁ። የያዝኩት አንድ ቆርቆሮ ግራሶ ነበር። ባለሱቁ ከልጄ በዕድሜ የሚበልጥ አይመስልም።

«ጋሼ፣ ለምን ሊያደርጉት ነው?»

«ለፍሬን።»

ቆርቆሮውን ከእጄ ወስዶ መደርደሪያው ላይ መለሰው። «ለፍሬን ከሆነ አልሸጥልዎትም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያለችኝ መኪና በፈረንጆቹ 1964 የተሠራች ቮልስ ናት። አዲስ አበባ ለቮልስ ያላትን ፍቅር ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፤ ጃንሆይ እንኳ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። የመጨረሻዋ የድሮ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከተሠራች፣ በ2003 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው፣ ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል። እኛ ግን ዛሬም እየጠጋገንን እንነዳለን። ጣጣው መጠጋገኑ ላይ ነው።

ከወር በፊት የፊተኛው ግራ ጎማ ፍሬን ስይዝ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። ለጋራዥ ከምከፍል ብዬ ታምቡሩን ራሴ አወጣሁት። ፒስተኑ ደርቋል። የሞተር ዘይት ጠብ አደረግሁበት፤ ጎሚኒ የሚሉትን ትንሽ ጎማም በግራሶ አሸሁት። ለሰለሰ። በሙያዬ ኮራሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጄን ይዤ ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ገባ። የእኔ ዓይነቷ የድሮ ቮልስ የፍሬን መስመሯ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ጎማ ላይ ካፈሰሰ አራቱም ይቀራሉ። ያተረፈን የእጅ ፍሬኑ ነው፤ እሱ የሚሠራው በዘይት ሳይሆን በሽቦ ነውና። ልጄ እየተንቀጠቀጠች «ምን ሆነች?» ስትለኝ፣ «አርጅታ ነዋ!» አልኳት። ያነሰው ጥሩ ግራሶ ነው ብዬም ሶማሌ ተራ ሄድኩ።

ልጁ ብሬን ከመለሰ በኋላ አስተማረኝ። ከነዳጅ የሚወጣ ዘይትና ግራሶ የፍሬንን ጎማ ያሳብጠዋል። ያበጠ ጎማ ወይ ፒስተኑን አንቆ ይይዛል፣ ወይ ያፈስሳል። ጎሚኒ ሲገጠም ንጹሕ የፍሬን ዘይት መቀባት ይበቃዋል፤ ግራሶ የግድ ካስፈለገም ለፍሬን ጎማ ተብሎ የተሠራው ብቻ ነው። ሸራው የተለጠፈበት ብረት ከኋላው ካለው ሳህን ጋር በሚነካካባቸው ቦታዎች ደግሞ ኃይለኛ ሙቀት የሚችል ግራሶ፣ እሱም በጣት ጫፍ። ተከፍቶ የከረመ የፍሬን ዘይትም አይሆንም፤ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት የገባበት ዘይት ደግሞ ሲግል ቶሎ ይፈላል።

«ሸራውና ታምቡሩስ?» አልኩት።

«እዚያማ ምንም አይነካም። ፍሬን ሥራው መፋተግ ነው፤ ካለሰለሱት ምኑን ፍሬን ሆነ?»

ያበጠው ጎማ ታጥቦ እንደማይመለስ፣ የእኔ ዘይት የደረሰበት ጎማ ሁሉ መቀየር፣ መስመሩም መታጠብ እንዳለበት ነግሮኝ፣ ጎሚኒና አንድ ዶት 4 ሸጠልኝ። ሥራውንም ለመካኒክ እንድሰጥ አስጠነቀቀኝ።

ለዓመታት ክፍል ውስጥ ቆሜ ተማሪዎቼን «የማታውቁትን እንደምታውቁ አድርጋችሁ አትጻፉ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን እውነቱን ልናገርና፣ አብዛኞቻችን የምንወደው «ግድ የለም፣ ትሄዳለች» የሚለንን ነው። «አይሆንም» የሚለንን ክፉ እንለዋለን። ያ ልጅ የቆርቆሮውን ዋጋ ተቀብሎ ሊሸኘኝ ይችል ነበር፤ እኔም አመስግኜው እሄድ ነበር፤ ቁልቁለቱም እዚያው ይጠብቀኝ ነበር።

ማታ ለልጄ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣ «ታዲያ ያን ቀን ለምን በመኪናዋ አሳበብክ?» አለችኝ።

የሚያለሰልስ መልስ ፈለግሁ። አጣሁ።