የወታደር ኑሮና ደመወዝ

በደርግ ዘመን በሰሜን ግንባር የተሰለፈ ወታደር ኑሮው ምሽግ፣ ስንቁ ኮቾሮና የኮዳ ውሃ ነበር። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑትን ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት ይጠራ ነበር። ከምሽግ ገበያ ሩቅ ነበርና ደመወዙ ከሲጋራና ከስኳር ካለፈ ለቤተሰብ ይላክ ነበር። ብዙ እናት የልጇን በሕይወት መኖር የምታውቀው በሚደርሳት ብርና ደብዳቤ ነበር።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ደመወዙም ተቋረጠ። አገር ቤት የቀረው በቀድሞ ሠራዊት አባላት መቋቋሚያ ኮሚሽን በኩል የእህል ቀለብና የመጓጓዣ ድጋፍ አገኘ። በሞያሌ ተሻግሮ ኬንያ የገባው ግን ይህ አልደረሰውም። እንደ ሳውዝ ሲ ባሉ የናይሮቢ ሰፈሮች ቤት የሚከራየው በሽልንግ ነው፤ የወታደሩ ብርና ማዕረግ እዚያ ዋጋ አልነበራቸውም።