ስም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ

እኛ የአንገር ጉቲን ልጆች ነን። ለትምህርት ነቀምቴ በገባን ሰሞን «አገራችሁ ወዴት ነው?» ስንባል አንዳችን ወለጋ፣ አንዳችን ወሎ እያልን እርስ በርሳችን እንሳሳቅ ነበር። የተወለድነው ከአንገር ወንዝ አጠገብ፣ በቆሎና ሰሊጥ ከሚበቅልበት ቆላ ነው። አያቶቻችን ግን ዛሬም ሲምሉም ሲያለቅሱም በወሎ ነው። በሰፈራ የመጡ ናቸው። ለምን እንደመጡ ስንጠይቃቸው «ክፉ ቀን ነው ያመጣን» ይሉና ወሬውን ወደ ከብት፣ ወደ ዝናብ ይለውጡታል። እኛም ልጆች ነበርንና አልገፋንበትም።

ታዲያ አንድ ማታ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ስድስት ሆነን በአንዲት ስልክ ላይ ተደፍተን የኮረምን ፊልም አየን። ገና ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ሜዳው ላይ ብርዱ ያደረበት ሕዝብ ተኮራምቷል፤ በቡሉኮና በጆንያ የተጠቀለለ ሬሳ ተደርድሯል። ካሜራው አይቸኩልም። ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ቀስ እያለ ይሄዳል። ሰባት ደቂቃ ያህል ነው፤ ሲያልቅ ከመካከላችን የተናገረ አልነበረም። ሁላችንም ያደረግነውን ያወቅነው በኋላ ነው፤ ለካስ እያንዳንዳችን በዚያ ሕዝብ መካከል የገዛ መልካችንን ስንፈልግ ነበር።

የካሜራው ባለቤት መሐመድ አሚን ይባላል። ፈረንጅ መስሎን ነበር፤ ግን አፍሪካዊ ነው። በ1935 ዓ.ም. ናይሮቢ ውስጥ ከእስያ ዘር ከሆነ ቤተሰብ ተወልዶ፣ በዳሬ ሰላም ያደገ ሰው ነው። ገና በተማሪነቱ ፎቶግራፍ ማንሳት ጀመረ፤ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው «ካሜራፒክስ» የተባለውን ድርጅቱን አቋቋመ። ዛንዚባር ውስጥ በሥራው ምክንያት ታስሯል። በ1961 ዓ.ም. ቶም ምቦያ ናይሮቢ ውስጥ በተገደለ ጊዜ የደረሰው እሱ ነበር፤ የኢዲ አሚንንም ዘመን በካሜራው ይዞታል። ባጭሩ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ነገር ሲነሳ አብሮ የሚነሳ ሰው ነበር።

ወደ እኛ ጉዳይ የገባው በ1977 ዓ.ም. ነው። ረሀብ በፊልም ሲታይ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ የወሎን ረሀብ ለዓለም አሳይቶ ነበር። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ሕዝብ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። እንግዲህ ሥዕል ምን ማድረግ እንደሚችል ከደርግ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አሥረኛው የአብዮት በዓል በመስከረም 1977 በድምቀት ሲከበር፣ የሰሜኑ ረሀብ በሰፊው እንዲወራ አልተፈለገም። መሐመድ አሚን ግን ደጅ ጠንቶ፣ የሚያውቀውን ሁሉ ለምኖ ፈቃድ አገኘ። ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ከማይክል በርክ ጋር መቀሌና ኮረም ደረሰ። ፊልሙ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደን ታየ፤ ከዚያም በ425 የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተሠራጨ፤ 470 ሚሊዮን ያህል ሰው አይቶታል ተብሎ ይገመታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ቦብ ጌልዶፍ ዘፋኞችን አሰባስቦ ያንን የገና ዘፈን አስቀረጸ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ ታላቁ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ተደረገ። እህል በመርከብም በአውሮፕላንም መጣ። በዚያው ዓመት ደግሞ መንግሥት ትልቁን የሰፈራ ዘመቻ ጀመረ፤ እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ደቡብና ምዕራብ ተጓዘ። ወዶ የሄደ አለ፤ ተይዞ የተጫነም አለ። እህሉን ዓለም በቴሌቪዥን አየው። መኪና ላይ የተጫነውን ሰው ግን ያየለት ጥቂት ነው።

እኛ በዚህ ነገር ላይ ሌሊቱን ሙሉ ተከራከርን። አንዱ ጓደኛችን «ለማኝ አድርጎ አሳየን፤ እስከ ዛሬ ኢትዮጵያ ሲባል ዓለም የሚያየው ያንን ሥዕል ነው» አለ። ሌላው «እንዴ! ያ ሥዕል ባይኖር አንተስ ትኖር ነበር?» ብሎ መለሰለት። ሁለቱም ልክ መሰሉን። መሐመድ አሚን ረሀቡን አልፈጠረውም፤ ደብቆ የኖረም ሌላ ነው። ነገር ግን በዚያ ፊልም ውስጥ የፈረንጅ ሐኪምና የእርዳታ ሠራተኛ ስሙና ሥራው ሲነገር፣ የእኛ ሰው ስም አለመኖሩ ልባችንን አሳመመው። ሁሉም ፊት ነው፤ ስም የለውም።

መንገድ ሰላም በሆነ ጊዜ አንገር ጉቲን ወረድን። ከመካከላችን የአንዱ አያት ኮረም መጠለያ የነበሩ ናቸውና ፊልሙን ይዘን ሄድን። የነቀምቴው ጓደኛችንም አብሮን ነበር፤ እሱ እንደ አገሩ ልማድ «አኮ» ይላቸዋል፣ እኛ «እማማ» እንላለን። ቡና ተፈልቶ አቦሉ ከተጠጣ በኋላ እንደምንም ደፍረን ነገርናቸው። ይቆጡናል ብለን ነበር።

«ካሜራ የያዘ ሰው አይተው ነበር?» አልናቸው።

«እኔ እንጃ ልጆቼ» አሉ። «እኛ የምናየው ዱቄት የሚሰፍረውን ነበር።»

ከዚያ ስልኩን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ሲያዩ አላለቀሱም። ሬሳው ከተደረደረበት ሲደርስ ግን «አቁሙት» አሉ። ባለቤታቸው እዚያው ኮረም ነው የሞቱት። የተቀበሩባት ቡሉኮ ትከሻዋ ላይ በጥቁር ክር የተጣፈች ነበረች፤ የጣፏትም እሳቸው ናቸው። ያችን ክር ነው የሚፈልጉት። እያቆምን፣ እየመለስን፣ ሦስት ጊዜ አየን። ክሯ የለችም። የሥዕሉ ጥራትም እንዲያ ያለውን ነገር የሚያሳይ አይደለም።

እማማ ስልኩን መለሱልን። «ይሁን፤ አንዱ እሱ ነው» አሉ። ከዚያ ሁለተኛውን ቡና ቀዱ።

ያን ቀን የባለቤታቸውን ስም ከነአባታቸው ነገሩን፤ በደብተራችን ጻፍነው። እዚህ ግን አናትመውም፤ የእሳቸው ነው።

መሐመድ አሚንም ቢሆን ያየው መከራ ካሜራው ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ሊቀርጽ ሄዶ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። እሱ በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራውን እንደገና አነሳ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠለፈ። ሦስቱ ጠላፊዎች አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ፤ ነዳጁ አለቀ፤ ካፒቴን ልዑል አባተ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ አሳረፈው። ከ175ቱ ሰው 125ቱ ሞቱ፤ መሐመድ አሚንም ከሟቾቹ አንዱ ነበር። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ይህን ስናነብ ክርክራችን ተለወጠ። ሰውየው ከእኛ ጋር ሊቆጠር የሚገባው ሰው ነው፤ የእኛን ሞት ቀርጾ፣ እጁን በእኛ ከተማ ትቶ፣ ከእኛ አየር ማረፊያ በተነሳ አውሮፕላን ሞተ። ሥራው ግን ያላለቀ ሥራ ነው፤ ፊቱን እሱ አትርፎልናል፤ ስሙን መጻፍ የእኛ ፈንታ ነው ብለን ተስማማን። ከውጭ ማንም መጥቶ አይጽፍልንም።

እናም ከዚያ ወዲህ አንገር ጉቲን በወረድን ቁጥር ሽማግሌዎቻችንን ፎቶግራፍ እናነሳለን። ነቀምቴ ፎቶ ቤት እናሳጥባለን፤ ከጀርባው ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ አገር፣ የመጡበት ዓመት እንጽፋለን። እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ደርሰናል። ሁለቱ ፎቷቸው ሳይደርስላቸው አርፈዋል።

ለእማማ የራሳቸውን ስንሰጣቸው ገልብጠው ጽሑፉን እንድናነብላቸው ጠየቁን። ስማቸውን አነበብን፤ «አገር፦ ወሎ» የሚለውንም አነበብን።

«ወሎ ብቻ?» አሉ። «አርባ ዓመት ያረስኩትስ? የልጆቼ እትብትስ? አንገር ጉቲንንም ጻፉበት እንጂ።»

እስክሪብቶ ተዋስንና ጻፍንበት።