ላክ

የግብፅ ከተማ ፉስጣጥ ሆይ፣ ድንኳን ነበርሽ አሉ። እ.ኤ.አ. በ641 ግድም የዐረቡ አዛዥ የዐምር ኢብን አልዓስ ጦር ወደ እስክንድርያ ሊነሣ ሲል ርግብ በድንኳኑ ላይ ጎጆዋን ሠርታ ተገኘች፤ እንቁላሏ እንዳይሰበር ብሎ ድንኳኑን እንደ ተተከለ ተወላት ይባላል። ተረትም ቢሆን እወደዋለሁ። ከዚያች ጎጆ በባቢሎን ምሽግ ጎን፣ በዓባይ ዳር አደግሽ፤ ለየጎሣው ቦታ ተመራ፣ መስጊድ ቆመ፣ የወታደሩ ስም በመዝገብ ሰፈረ።

ያ ዓባይ የእኔም ነው። ክረምት ሲገባ ጎጃም ላይ ሰማዩ ያጉረመርማል፣ የአባቶቼ አፈር ቁልቁል ይሄድልሽ ነበር። ሙላቱ ለገበሬሽ እንጀራው ነበር፣ ዕዳውም ነበር፤ ግብሩ የሚከፈለው ከዚያው አዝመራ ነውና።

ከ709 እስከ 714 ግብፅን የገዛው ቁርራ ኢብን ሸሪክ አንቺ ዘንድ ተቀምጦ ሽቅብ ወደ አፍሮዲቶ ከተማ ሹም፣ ወደ ባሲሊዮስ ይጽፍ ነበር። ደብዳቤዎቹ በዐረብኛና በግሪክኛ፣ በፓፒረስ ላይ ተርፈዋል። ግብሩ ዘገየ፣ የወታደሩ ደመወዝ ደረሰ፣ ላክ። ለመርከቡ ቀዛፊ ላክ። ለደማስቆ መስጊድ ሠራተኛ ላክ። ለኢየሩሳሌም ላክ። ከቀዬው የኮበለለውንም ፈልገህ መልስ።

ላክ፣ ላክ፣ ላክ። ይህች ቃል ናት አንጀቴን የምትበላው። ሹሙ ለዘገየ ግብር ይገሠጻል፤ ለዘገየ ሰውስ ማን ተገሠጸ? የሠራተኛው ቀለብና ደመወዝ ተተምኗል። እናቱ ደጃፍ ላይ ቆማ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ያየችው አቧራስ በየትኛው መዝገብ ገባ? ያገሬ ሰው ስለሆንሁ ይሆናል፣ መንገድ ላይ የቀረ ዓይን አውቃለሁ።

አንቺም ነደድሽ፣ ፉስጣጥ። በ1168 ወዚሩ ሻወር የመስቀል ጦረኞች እንዳይዙሽ ብሎ እሳት ለቀቀብሽ፤ 54 ቀን ጨስሽ ይላሉ። ያን ሁሉ የጠራሽው ጉልበት፣ ያን ሁሉ የሰበሰብሽው እህል! የዐምር መስጊድ እየታደሰ ቆሟል። ርግቦችም አሉ።

ወይ ዓባይ፣ አንተ በአፍሮዲቶ በኩል አልፈህ ነው ፉስጣጥ የምትደርሰው። ቀዛፊውን ቁልቁል ይዘኸው ስትወርድ አይተኸዋል። ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ደግሞ ሸራ ወጥሮ ታንኳ ሽቅብ ይመልሳል። እስቲ ንገረኝ፣ ያን ልጅ መለሰው?