ሣሩ ያሳደረው ውሃ
ከመንዝ ጓሳ እስከ ይፋት ቆላ

በዚህ ጽሑፍ ከብዙ ጉዞዎቻችን መካከል ዛሬም ድረስ ከልባችን ያልወጣውን ልናካፍላችሁ ወደድን። ጊዜው ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነበር። አራት ሆነን ከአዲስ አበባ ተነሳን። ከመካከላችን አንዱ የይፋት ልጅ ነው፤ ያደገው አጣዬ አጠገብ፣ አባቱ ወንዝ ጠልፈው ማሾና ሽንኩርት በሚያለሙበት ቀዬ ነው። ወደ መንዝ እንድንወጣ የወተወተንም እርሱ ነበር።

«በበጋ ወንዛችን ሲቀንስ አባባ ወደ ተራራው እያዩ ‹ደጋዎቹ ውሃችንን ምን አደረጉት?› ይሉ ነበር። ውሃው የሚነሳበትን አገር አንድ ቀን በዓይኔ ባየው ደስ ይለኛል» አለን። እኛም ፏፏቴ ለማየትና በወንዝ ዳር በእግር ለመጓዝ ጓጉተን ስለነበር ሐሳቡን ሳናመነታ ተቀበልነው።

ወደ ደጋው

ከላም በረት ተሳፍረን፣ ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ደረስን። ዋናው መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቆፈረው ዋሻ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። የእኛ ግን ከዋሻው በፊት ወደ ግራ ተገንጥሎ የተራራውን ጀርባ ይዞ ወደ መሐል ሜዳ ይጓዛል። ማምሻውን መሐል ሜዳ ገብተን አደርን። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጉር ባናና በርኖስ ሠርቶ የሚለብሰው ለጌጥ እንዳልሆነ የገባን ያን ሌሊት ነው!

በማግስቱ ወደ መጣንበት አቅጣጫ ተመልሰን ጓሳ ገባን። ጓሳ ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ሲሆን፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስሙን ያገኘው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ከሸፈነው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። የአገሩ ሰው በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፤ ገመድ ይገምድበታል፤ ለዝናብ የሚሆን ጌሣ ይሠራበታል። በሣሩ መሐል ጅብራ እዚህም እዚያም ቀጥ ብሎ ይታያል። ጭላዳዎች በመንጋ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ቀይ ቀበሮም ከሩቅ አይተናል። በመላው ኢትዮጵያ ከ500 የማይበልጥ ቁጥር የቀረው ይህ እንስሳ ከሌላ አገር የትም አይገኝም። ሱብሐነላህ!

መንገድ እንዲመሩን የተስማሙልን የአካባቢው ሽማግሌ ነበሩ። ገና ሰላም እንዳልናቸው «ልጆቼ፣ እናንተ እስላሞች ናችሁ፤ ሥጋችንን አትበሉም። የገብስ ቆሎና በሶ ግን የሁላችንም ነው» ብለው ከአገልግላቸው አወጡልን። ቆሎውን እየቆረጠምን ተከተልናቸው።

ቄሮ እና ሒማ

ሽማግሌው ሲያጫውቱን፣ ይህ ሣር የቆየው ሰው ስላልፈለገው ሳይሆን ስለጠበቀው ነው። በመንዝ «ቄሮ» ማለት ጓሳን የመጠበቂያ ሥርዓት ነው፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። ሕዝቡ የመረጠው ኃላፊ ጥበቃውን ይመራል፤ መሬቱም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ማጭድም ከብትም ሳይነካው ተዘግቶ ይቆያል። ሲከፈት ቀኑ ለሁሉም ይነገራል፤ ባለ መብቱ ሁሉ በአንድነት ገብቶ ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ቄሮ የቆመበት የርስት ሥርዓት ፈረሰ፤ ጥበቃውም ላላ፤ ጓሳም ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ነው ማኅበረሰቡ እንደገና ተሰባስቦ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ሣሩን መጠበቅ የቀጠለው።

ይህን ስንሰማ አንደኛው ጓደኛችን «ይህማ ሒማ ነው!» አለ። እውነቱን ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመዲና ውጭ የሚገኘውን አን-ነቂዕን ለፈረሶች ግጦሽ አስከልለው እንደነበር፣ ዑመር (ረ.ዐ.) ደግሞ አር-ረበዛን እንዳስከለሉ ተዘግቧል። ዑመር ለሒማው ጠባቂ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ብቻ ያለውን ድሃ እንዳይከለክል አጥብቀው ማዘዛቸውም ይታወቃል። የመንዝ ገበሬ ስለ ሒማ አልሰማ ይሆናል። ነገር ግን የጋራ የሆነ ነገር ጠባቂ ካላገኘ የማንም ሳይሆን እንደሚቀር ሁለቱም ተረድተውታል።

ፏፏቴው

በሣሩ መሐል ስንሄድ እግራችን እየሰመጠ ጫማችን ራሰ። ዝናቡ ካቆመ ቀናት ቢያልፉም መሬቱ ውሃ እንዳዘለ ነው። ሽማግሌው አንዱን የጓሳ ቁጥቋጦ በከዘራቸው ገለጥ አድርገው ሥሩን አሳዩን፤ ጥቁሩ አፈር እንደ ስፖንጅ ርሷል።

«ውሃውን የሚሰጠው ፈጣሪ ነው፤ የሚያሳድረው ግን ሣሩ ነው» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዝናቡ ጥቅጥቅ ባለው ሣር ላይ ሲወርድ ኃይሉ ይበርዳል፤ ወደ አፈሩ ይሰርጋል፤ በረግረጉ ተጠራቅሞ በበጋ ቀስ እያለ ይወጣል። ሣሩ ከተመለጠ ግን ያው ዝናብ በአንድ ቀን ጎርፍ ሆኖ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል፤ በበጋም ወንዙ ይደርቃል። ከጓሳ 26 ወንዞች ይነሳሉ ይባላል። ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ውሃ በመንዝና በመርሐቤቴ መካከል በተሰነጠቁት ሸለቆዎች ወርዶ ጀማ ይገባል፤ ጀማም ለዓባይ ያስረክበዋል። ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ደግሞ ይፋትን አጠጥቶ ወደ አዋሽ ይሄዳል። የአንድ ተራራ ዝናብ ለሁለት ተከፍሎ እኩሌታው ግብፅ፣ እኩሌታው አፋር በረሃ ይደርሳል ማለት ነው።

እኛ የተከተልነው ወደ ምሥራቅ የምትፈስ ቀጭን ጅረት ነበር። መጀመሪያ አንድ እርምጃ የምትሻገሯት ናት። ወረድ ስንል ሌላ ጅረት ተቀላቀላት፤ ቀጥሎም ሌላ። ድምፅዋ እየጎላ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለች ወሰደችንና በድንገት መሬቱ አለቀ። ገደል ነው! ጅረቷ ሳታመነታ ተወረወረች። ከታች የሚነሳው ነፋስ ግን እኩሌታዋን ወደ ላይ መልሶ ፊታችን ላይ ረጨው። ሽማግሌው ክንዳችንን እየያዙ ከዳሩ አራቁን።

ጉሙ ሲገለጥ የይፋት ቆላ ከእግራችን ሥር ተዘርግቶ ታየን። ወጣቱ ጓደኛችን ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ በጣቱ እያመለከተ «ያ አረንጓዴው... አባባ የሚያርሱት በዚያ በኩል ነው» አለ። ሽማግሌውም ዓይናቸውን ጨፈግ አድርገው ተመለከቱና «እንግዲህ ጎረቤታሞች ነን፤ እኛ ከላይ፣ እናንተ ከታች» አሉት።

ዙህር ደርሶ ነበር። ከጅረቷ ውዱእ አደረግን። ውሃ በተትረፈረፈበት ቦታም ቢሆን አለማባከን የተማርነው አደብ ነውና በእፍኛችን እየቆጠብን ተጠቀምን። ውሃው ከብርዱ የተነሳ ያቃጥላል! ከዚያም በመንገደኛ ደንብ አሳጥረን፣ ከዐስር ጋር አጣምረን ሰገድን። ቂብላችን በቀጥታ ወደ ሰሜን፣ ወደ ግሼ ተራሮች ነበር። ሽማግሌው ሰግደን እስክንጨርስ ከዘራቸውን ተደግፈው ጠበቁን።

ከጉዞው በኋላ

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በግጭት ክፉኛ ተጎዳች። የጓደኛችን ቤተሰቦችም ቤታቸውን ጥለው ለወራት በዘመድ ቤት ተጠልለው ቆዩ። በዚያ ሰሞን አንድ ማለዳ የጓደኛችን ስልክ ጮኸ። የደወሉት ከጓሳ ያ ሽማግሌ ነበሩ። «ልጄ፣ አባትህ በሕይወት አሉ ወይ?» ብለው ጠየቁት። «አሉ፣ አል-ሐምዱ ሊላህ» አላቸው። «ተመስገን። ሣሩም አለ በላቸው» አሉት። ሌላ የተባባሉት ነገር የለም። አባቱም ይህ ሲነገራቸው አንገታቸውን አቀርቅረው ቆይተው «ሰላም በልልኝ» ብቻ አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ደጋዎቹ ያን የዱሮውን ጥያቄ ሲጠይቁ አልሰማናቸውም።

በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ዘልቆ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሳ። ስለሆነም ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ያጣራ። አላህ ሰላሙን ሲያወርድልንና መንገዱ ሲከፈት ግን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ክረምቱ እንዳለፈ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ጅረቶቹ የሚሞሉበት፣ ሰማዩም የሚጠራበት ነው። ወፍራም ልብስና ውሃ የማያስገባ ጫማ ያዙ። ከፍታው ራስ ምታት ሊያመጣ ስለሚችል የመጀመሪያውን ቀን በዝግታ ተራመዱ። ያለ አገሬው መሪ ወደ ገደሉ ዳር አትቅረቡ። ቆሻሻችሁን ሰብስባችሁ ተመለሱ፤ ከላይ የጣላችሁት ላስቲክ ታች የሌላ ሰው ቦይ ይዘጋልና።

ቆላ ያላችሁ ቤተሰቦች ደግሞ ልጆቻችሁ በወንዛችሁ ውዱእ ሲያደርጉ ውሃው ከየት እንደመጣና ላዩ ላይ ማን ሣር እንደሚጠብቅ ንገሯቸው። ጎረቤትነት የአጥርና የግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ተራራና ቆላንም ውሃ ያዛምዳቸዋል። የጎረቤትን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።