ከኪንግ ወደ ኢምፐረር

ሲቪላይዜሽን 6 የተባለው የኮምፒውተር ጌም ስምንት የክብደት ደረጃዎች አሉት። ከታች ሴትለር፣ ቺፍተንና ዋርሎርድ፣ መሀል ላይ ፕሪንስና ኪንግ፣ ከዚያ በላይ ኢምፐረርና ኢሞርታል፣ ጫፉ ላይ ዲቲ። እኔ ለዓመታት ኪንግ ላይ ነበርኩ። ከሥራ ገብቼ፣ እራት በልቼ የምከፍተው፣ ማሸነፌን አስቀድሜ የማውቀው ጌም ነበር። ከዚያ ደረጃ ያስወጣኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ ጊዜውም የ2012 ክረምት።

ልጁ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከመጋቢት ጀምሮ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ስለተዘጋ አዲስ አበባ እኛ ቤት ነበር የሰነበተው። በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ዳታም ዋይፋይም አልነበረም። ውጭ ዝናብ፣ ቤት ውስጥ ሁለታችንና አንድ ላፕቶፕ። ወንበሩን ስቦ አጠገቤ መቀመጥ የጀመረው ያን ሰሞን ነው። መጀመሪያ ዝም ብሎ ያይ ነበር። አንድ ማታ ግን፣

«ጋሼ፣ ይሄን እኮ አሸንፈህ ጨርሰሃል» አለኝ።

«ገና ዙር 90 ላይ ነኝ።»

«አውቃለሁ። የቀረህ ግን መጫን ብቻ ነው። የሚያሳስብህ ነገር የለም።»

ልጁ እውነቱን ነው። ካርታው ላይ የሚያሰጋኝ ጎረቤት አልነበረም። የቀሩት ዙሮች በሙሉ ቁልፍ መጫን ነበሩ።

ኢንተርኔት በሐምሌ አጋማሽ ተመለሰ። ኢትዮጵያን ወደ ጌሙ የሚያስገባው ተጨማሪ ፓክ የወጣውም በዚያው ሰሞን፣ ሐምሌ 16 ቀን ነው። በአምስተኛው ሲቪላይዜሽን ላይ ኢትዮጵያን የሚመሩት አፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ አሁን ተራው የዳግማዊ ምኒልክ ሆነ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ዘመዳችን ገዝቶ በስጦታ ላከልን፤ ከዚህ ሆኖ በዶላር መክፈል ራሱን የቻለ ጣጣ ነበርና። ፋይሉ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አደረ። ጠዋት ልጁ ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ ላፕቶፑን ከፍቶ ጠበቀኝ። ምኒልክን መረጥን። ደረጃው ላይ ስንደርስ እጄ ወደ ኪንግ ሄደ።

«ምኒልክን ይዘህ እዚሁ ልትቀመጥ ነው?» አለኝ።

ኢምፐረርን ጫንኩ።

እዚህ ላይ ጌሙን ለማያውቅ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ደረጃው ሲከብድ ኮምፒውተሩ ይበልጥ ብልህ የሚሆን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይሆንም። አስተሳሰቡ ያው ነው፤ የሚለወጠው ስንቁ ነው። ኢምፐረር ላይ እኔ ከተማ በሚቆረቁር አንድ ሰፋሪና በአንድ ተዋጊ ስጀምር እያንዳንዱ ባላጋራ በሁለት ሰፋሪዎችና በሦስት ተዋጊዎች ይጀምራል። ምርቱና ወርቁ ላይ 40 በመቶ፣ ሳይንሱ፣ ባህሉና እምነቱ ላይ ደግሞ 16 በመቶ ይጨመርለታል። ወታደሮቹም በእያንዳንዱ ፍልሚያ ሁለት ነጥብ ይበልጣሉ። ሁለት ለዜሮ እየተመሩ ጨዋታ እንደመጀመር ማለት ነው። ይህን ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሕጉ ከመጀመሪያው ተነግሮናል፤ ልዩነቱን በጥበብ መሙላት ደግሞ የተጫዋቹ ፈንታ ነው። የጌሙ ውበት ያለውም እዚያው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች ተሸነፍን። ከዚያ እስከ ዛሬ የማልረሳው ጨዋታ መጣ።

ከተማችን ከወንዝ ዳር ኮረብታ ላይ ተቆረቆረች። ምኒልክን ይዞ ለሚጫወት ኮረብታ ሀብት ነው፤ ኮረብታ ላይ የተመሠረተ ከተማ ከሚያፈራው እምነት 15 በመቶውን ያህል ሳይንስና ባህል ያገኛል፤ ኮረብታ ላይ ቆሞ የሚዋጋ ወታደርም አራት ነጥብ ይጨመርለታል። ኪንግ ላይ ሳለሁ ስቶንሄንጅ የሚባለውን ድንቅ ሕንፃ መሥራት ልማዴ ነበር። ልጁ አላሠራኝም። «እሱን ሌላው ይሥራው፤ እኛ መሬት እንያዝ» አለ። ስካውት፣ ወንጭፈኛ፣ ሰፋሪ፣ እንደገና ሰፋሪ። ወንጭፈኛው አንድ ባርባሪያን ሲገድል የቀስት ዕውቀት ፈጠነልን። ሦስት ከተሞች ኮረብታ ኮረብታውን ተከትለው ቆሙ።

በስተምዕራብ የነበረው ጎረቤታችን የሮማው ትራጃን ነው። ትራጃን ሰፊ መሬት የሌለውን መሪ ይንቃል፤ ጌሙ ውስጥ ጠባዩ እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። እኛ ሦስት ስንል እሱ ስድስት ከተሞች ነበሩት። መጀመሪያ አወገዘን። ጥቂት ዙሮች ቆይቶ ጦርነት አወጀ።

ሌጌዎን የሚባሉት ወታደሮቹ ከጫካው ውስጥ ብቅ ሲሉ አሁንም ይታየኛል። ቀይ ልብሳቸው በአረንጓዴው ካርታ ላይ ተራ በተራ ወጣ፤ መጀመሪያ ሁለት፣ ቀጥሎ ሌላ ሁለት፣ ከኋላቸው ቀስተኞች። የአንድ ሌጌዎን ኃይል 40 ነው፤ የእኛ ተዋጊ 20። ፊት ለፊት ብንገጥም በሁለት ዙር አለቀልን። እኔ ተዋጊዎቹን ወደ ወንዙ ለማውረድ ማውሱን ሳንቀሳቅስ ልጁ እጄን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ አትውረድ። እነሱ ይምጡ።»

ካርታውን አጉልቶ አሳየኝ። በከተማዋና በጫካው መሀል ያለው ሜዳ ነው፤ ሜዳውን ወንዙ ያቋርጠዋል። ወንዝ ተሻግሮ የሚያጠቃ ኃይሉ ይቀንሳል። ቀስተኛ ደግሞ ሁለት ቦታ ርቆ ይመታል። ሦስት ቀስተኞቻችንን ኮረብታዎቹ ላይ ደረደርናቸው፤ ተዋጊዎቹን ከፊታቸው፣ እዚያው ኮረብታው ላይ፣ እንዲመሽጉ አደረግን። የቀረው የከተማዋን ግንብ መሥራት ነበር። ባለው ምርት ብንጠብቅ ጦሩ ቀድሞ ይደርሳል። ከከተማዋ ጀርባ ግን ደን ነበር። ሠራተኛውን ልከን ደኑን አስመነጠርነው፤ ደን ሲመነጠር ምርቱ በአንድ ጊዜ ለከተማዋ ይገባል። የመጀመሪያው ሌጌዎን ወንዙ ዳር ሲደርስ ግንቡ አለቀ። ልጁ ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ተቻኩለን አልተጫወትነውም። በየዙሩ ተማከርን፦ የትኛው ቀስተኛ ይተኩስ፣ የቆሰለው ይመለስ ወይስ ይቆይ። ሮማ ሠራዊቷን አንድ ላይ ማሰለፍ አልቻለችም፤ አንዱ ሌጌዎን ቀድሞ ይመጣል፣ ይመታል፣ ይወድቃል፣ ቀጣዩ ይከተላል። በዚያ ሰዓት ነው በቃል የማውቀውን በዓይኔ ያየሁት፦ 40 በመቶ ተጨማሪ ምርት ብዙ ወታደር ያወጣል፣ ወታደሮቹን ግን የት እንደሚያቆማቸው አይነግራቸውም። መሬቱን ማንበብ የእኛ ነበር። እናቱ ደውላ «እራት በላችሁ?» ብትል ሁለታችንም መልስ አጣን።

ትራጃን በመጨረሻ ራሱ ዕርቅ ጠየቀ፤ ወርቅም ጨምሮ ሰጠ። ቀሪው ጨዋታ ረጅም ነበር፤ አልተርከውም። በተራሮቹ ሥር ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አነጽን፤ በእምነት አርኪዮሎጂስቶች ገዛን፤ የበረራ ዕውቀት ሲገኝ አብያተ ክርስቲያናቱ ቱሪስት ይስቡ ጀመር። በባህል አሸነፍን። የምኒልክ ምስል ከድል ጽሑፉ ጋር ሲወጣ ልጁ በስልኩ ፎቶ አነሳውና ሲልቨር ስፕሪንግ ላከው።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጁ ወደ ቤቱ ተመለሰ። አሁን ኢሞርታል ላይ ይጫወታል፤ እኔ ኢምፐረር ላይ ነኝ፣ ወደ ኪንግም አልተመለስኩም። ይህን የምታነቡና ኪንግ ላይ ሁልጊዜ የምታሸንፉ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ አንድ ደረጃ ከፍ በሉ። ስቶንሄንጅን ተዉት፣ ሰፋሪ አስቀድሙ፣ ቀስተኞቻችሁንም ጎረቤት ሳያወግዛችሁ ኮረብታ ላይ አስቀምጡ።