የሊቅ ደብዳቤ

ይፋግ በጥንታዊ ገበያዋ ብቻ ሳይሆን በሊቅ ልጇም ትጠራለች። አለቃ ታየ ገብረ ማርያም የተወለዱት በዚህችው አገር ነው። በበርሊን አማርኛን አስተምረዋል፤ «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የተባለው መጽሐፋቸውም በ1914 ዓ.ም. በአሥመራ የታተመው በሽምግልናቸው ነው።

ደብዳቤ ስንጽፍና ስንመዘግብ የምንውል ሰዎች እንደምናውቀው፥ መጽሐፍ የሊቅን ዕውቀት፥ ደብዳቤ ግን ውሎውን ይነግራል፤ ማን እንደ ናፈቀው፥ ምን እንደ ጎደለው፥ ስለ ማን እንደ ለመነ።

አለቃ በ1916 ዓ.ም. ካረፉ ከ100 ዓመት በላይ ስለ ሆነ፥ ድምፃቸውን የሰማ ሰው አይገኝም፤ የቀረው ምስክር ወረቀት ብቻ ነው። መጽሐፍ ቢጠፋ ሌላ ቅጂ ይፈለጋል፤ ደብዳቤ ግን አንድ ነው፤ ስኳር ከተጠቀለለበት በኋላ አይመለስም። ስለዚህ በአያቶቻችን ሣጥን ውስጥ የቆየ ወረቀት ብናገኝ፥ ከመጣላችን በፊት እስከ ፊርማው ድረስ እናንብበው።