በሂሮሺማ ከተማ ስለሚሠራው ፈጣን አውቶሞቢልና ስለ አጠባበቁ

ሰው በገንዘቡ የሚገዛው ዕቃ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ዋጋው አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ነው፤ ሁለተኛው ግን ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በየዕለቱ እንደ ገና የሚገዛ ነው። በቅሎ የገዛ ሰው ገብሷንና ገለባዋን፥ ጀርባዋንና ሰኮናዋን ካላሰበላት በቅሎዋ ለብዙ ጊዜ የእርሱ ሆና አትቆይም። አውቶሞቢልም፥ ይልቁንም ዕድሜው የገፋ ፈጣን አውቶሞቢል፥ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። ይህን ነገር በግልጥ ለማየት የሚወድ ሰው ወደ ጃፓን አገር፥ ወደ ሂሮሺማ ከተማ ቢሄድ መልካም ነው፤ በዚያ የሚሠራው የማዝዳ አውቶሞቢል ታሪክ፥ መሥራትና መጠበቅ እኩል ጥበብ መሆናቸውን ያስረዳልና። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

ሂሮሺማ በኦታ ወንዝ መጨረሻ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ወንዙ ወደ ባሕር ሲቃረብ በስድስት ቅርንጫፍ ስለሚከፈል ከተማዪቱ በድልድዮች የተሞላች ናት። ኦገስት 6 ቀን 1945 የአቶም ቦምብ በወደቀባት ጊዜ የደረሰባትን መከራ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ወደዚያ የሄደ መንገደኛ ለመታሰቢያ ከተተወው ከፈረሰው ሕንጻ ሌላ የሚያስደንቀው ነገር አለ፤ ይኸውም በከተማዪቱ መንገድ መካከል በሐዲድ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ቦምቡ ከወደቀ በኋላ በሦስተኛው ቀን ከመሥመሩ አንዱ ክፍል ተጠግኖ ባቡር ሄደበት። በ1942 ከተሠሩትና ከዚያ እሳት ከተረፉት መካከል 651 እና 652 የሚል ቁጥር ያለባቸው ሁለቱ በዘመናችንም ሕዝብ ያመላልሳሉ። ከኪዮቶ፥ ከኦሳካና ከኮቤ ከተሞች የተሰናበቱ አሮጌ ባቡሮችም ወደዚህ መጥተው እንደ ገና አገልግሎት አግኝተዋል። እንግዲህ በዚህች ከተማ ዕቃ አረጀ ተብሎ ፈጥኖ አይጣልም ማለት ነው።

ከሂሮሺማ ዋና ጣቢያ በምድር ባቡር ተሳፍሮ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው በሁለተኛው ማቆሚያ፥ ሙካይናዳ በሚባለው ስፍራ ይወርዳል። በዚያ አጠገብ ያለው ታላቅ ፋብሪካ የማዝዳ ነው። ማኅበሩ በ1920 ሲቋቋም ሥራው የቡሽ ዕቃ ማዘጋጀት ነበር። በ1921 አለቃ የሆነው ጁጂሮ ማጹዳ ሥራውን ወደ ማሽን አዞረውና በ1931 ባለ ሦስት ጎማ የጭነት መኪና መሥራት ተጀመረ። በ1945 በከተማዪቱ መካከልና በፋብሪካው መካከል ያለው የሂጂያማ ኮረብታ የፍንዳታውን ኀይል ስላበረደለት ፋብሪካው ፈጽሞ ከመጥፋት ዳነ። መሥሪያ ቤቶቹ የተቃጠሉበት የአውራጃው መንግሥትም ለጊዜው በፋብሪካው ቤቶች ተጠግቶ ሥራውን አካሄደ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ባለ ሦስት ጎማዎቹ መኪናዎች እንደ ገና ይሠሩ ጀመር።

ከዚህ በኋላ የጁጂሮ ልጅ ጹነጂ ማጹዳ በ1951 የፋብሪካው አለቃ ሆነ። በዚያን ዘመን የጃፓን መንግሥት ትናንሾቹ የአውቶሞቢል ማኅበሮች ከታላላቆቹ ጋራ እንዲቀላቀሉ ያስብ ነበርና፥ ጹነጂ የአባቱን ቤት ሳያስነካ ለማቆየት ሌሎች የሌላቸውን ጥበብ መያዝ አስፈለገው። ስለዚህም ፌሊክስ ቫንክል የተባለው ጀርመናዊ ያሰበውን አዲስ ሞተር ለመሥራት በ1961 ኤን ኤስ ዩ ከተባለው የጀርመን ማኅበር ጋራ ተዋዋለ።

ይህ ሞተር ከሌላው የሚለይበት ነገር እንዲህ ነው። በተለመደው ሞተር ውስጥ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። በዚህኛው ግን ሮተር የሚባል ሦስት ማዕዘን ያለው ብረት በሞላላ ቤት ውስጥ ይሽከረከራል። በሦስቱ ማዕዘን ጫፍ ላይ አንዳንድ ቀጭን ማሸጊያ አለ፤ የሞተሩም ነፍስ በዚህች ማሸጊያ የተንጠለጠለ ነው። እርስዋ ከቤቱ ግድግዳ ጋራ ሳትላቀቅ ካልሄደች የሚቃጠለው አየር ያመልጣል፥ ጉልበትም ይጠፋል። በመጀመሪያ የተሠሩት ሞተሮች ግድግዳቸው በማሸጊያው እየተቧጨረ ሞገድ የመሰለ ምልክት ስለ ወጣበት፥ ሠራተኞቹ ይህን ምልክት የሰይጣን ጥፍር ብለው ጠሩት።

በ1963 በኬኒቺ ያማሞቶ የሚመሩ 47 መሐንዲሶች ይህን ጥፍር እንዲነቅሉ ታዘዙ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፥ ብዙ ዓይነት ማሸጊያ ሠርተው ብዙ ሞተር ካበላሹ በኋላ አሉሚኒየም ከሰረጸበት ከካርቦን የተሠራ ማሸጊያ አገኙ። ሜይ 30 ቀን 1967 ኮስሞ ስፖርት የተባለው ዝቅ ያለና ረዘም ያለ፥ ለሁለት ሰው ብቻ የሚሆን አውቶሞቢል ለገበያ ቀረበ። ሁለት ሮተር ነበረው፤ የእያንዳንዱም ክፍል መጠን 491 ሲ.ሲ. ሲሆን ኀይሉ የ110 ፈረስ ጉልበት፥ ክብደቱም 940 ኪሎ ነበር። በ1968 በጀርመን አገር በኑርቡርግሪንግ 84 ሰዓት በሚፈጀው እሽቅድምድም ሁለት ኮስሞዎች ገቡ፤ አንደኛው አራተኛ ሆኖ ሲጨርስ ሁለተኛው ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ተሰብሮ ቀረ። እስከ 1972 ድረስ የተሠሩት ኮስሞዎች በጠቅላላው 1,176 ብቻ ናቸው። ከእርሱ በኋላ በ1978 አር ኤክስ ሰባት የተባለው መጣ፤ እርሱም በሦስት ዓይነት መልክ እስከ 2002 ድረስ ከ800,000 በላይ ተሠራ።

ይህን ታሪክ በዓይኑ ለማየት የሚሻ እንግዳ አስቀድሞ ቀን አስይዞ ወደ ፋብሪካው ሙዚየም ይገባል። ሙዚየሙ በ1994 ተከፍቶ በ2022 ታድሷል። በዚያ ኮስሞው እንደ መስተዋት አብርቶ ቆሟል። በ1991 በፈረንሣይ አገር በለ ማን ከተማ 24 ሰዓት በሚፈጀው እሽቅድምድም አንደኛ የወጣው 55 ቁጥር፥ አረንጓዴና ብርቱካን ቀለም ለብሶ ይታያል። ይሁን እንጂ በሙዚየም የቆመ አውቶሞቢል የተኛ አውቶሞቢል ነው፤ ጠባቂው አቧራውን ከመጥረግ በቀር ብዙ ጭንቀት የለበትም። ጭንቀቱ ያለው አሮጌውን አውቶሞቢል በቤቱ አኑሮ በመንገድ ላይ በሚነዳው ሰው ዘንድ ነው።

በጃፓን አገር እንዲህ ያለው ሰው በመጀመሪያ ከሕግ ጋራ ይገናኛል። ሻከን የሚባለው የመንግሥት ምርመራ ለአዲስ አውቶሞቢል ከሦስት ዓመት በኋላ፥ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ይደረጋል፤ ይህን ያላለፈ አውቶሞቢል በመንገድ አይሄድም። ከዚህም በላይ በቤንዚን የሚሄድ አውቶሞቢል ከተመዘገበ 13 ዓመት ሲሞላው የዓመቱ ግብር ከመቶ 15 ያህል ይጨመርበታል። እንግዲህ ሕጉ ሰውን አሮጌውን ትቶ አዲስ እንዲገዛ ይገፋዋል። ይህን ሁሉ እየከፈለ አሮጌውን የሚያኖር ሰው ነገሩን በልቡ የቈረጠ መሆን አለበት።

ከሕግ ቀጥሎ የሞተሩ ጠባይ አለ። ጠባዩን ያላወቀ ሰው፥ ገንዘብ ቢኖረውም፥ በአንድ ክረምት ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ዋና ዋናውን እንነግራለን።

አንደኛ፥ ዘይት ነው። የሮተር ሞተር የጫፍ ማሸጊያዎቹን ለማለስለስ ጥቂት ጥቂት ዘይት ወደ እሳቱ ክፍል ሆን ብሎ ያስገባል። ስለዚህ የዘይት መጉደል ለዚህ ሞተር በሽታ ሳይሆን ተፈጥሮው ነው። ባለቤቱ ቤንዚን በሚቀዳበት ጊዜ ሁሉ መለኪያውን መዝዞ ቢመለከት ሥራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ይህን ችላ ቢል ግን ሞተሩ ደርቆ ይፋጫል።

ሁለተኛ፥ አነሣሡ ነው። ሞተሩን በብርዱ አስነሥቶ፥ ከጋራዥ እስከ ደጅ ብቻ አውጥቶ ወዲያው ማጥፋት አይገባም። ያልተቃጠለው ቤንዚን ካንዴላዎቹን ያረጥባቸዋልና እንደ ገና አልነሣ ይላል። አንድ ጊዜ ከተነሣ በሚገባ እስኪሞቅ ድረስ ማቆየት፥ ሳይሞቅም አለማስሮጥ ነው።

ሦስተኛ፥ ውሃ ነው። የሞተሩ አካል ብረትና አሉሚኒየም እየተፈራረቀ ተነባብሮ በረጃጅም ብሎን የተጠፈረ ነው። ሙቀት ሲበዛበት ሁለቱ እኩል ስለማይለጠጡ በመካከላቸው ያለው የላስቲክ ማሸጊያ ይሞታል። አበው ሳይቃጠል በቅጠል እንዳሉ፥ የራዲያተሩን ጎማዎችና የውሃውን ፓምፕ ከመፈንዳታቸው በፊት መለወጥ ይሻላል። የጎማው ዋጋ ጥቂት ነው፤ የሞተሩ ግን ከባድ ነው።

አራተኛ፥ አለማስተኛት ነው። ከመበላሸት ለማዳን ብሎ ለረጅም ጊዜ ዘግቶ የሚያቆመው ሰው ያው ያበላሸዋል። ፍሬኑ ይጣበቃል፥ ላስቲኩ ይደርቃል፥ ቤንዚኑ ይበላሻል። የጃፓን አገር ርጥበትም በበሮቹ ሥርና በወለሉ ስር ዝገት ያስገባል። ዝናብ በሌለበት ቀን አውጥቶ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ መንዳት ለእርሱ መድኀኒት ነው።

ገና ሊገዛ የሚያስብ ሰው ደግሞ በቀለሙ ማማር አይታለል። ለዚህ ሞተር በተለይ በተሠራ መለኪያ የሁለቱን ሮተሮች ስድስት ገጽ ግፊት አስለክቶ ቁጥሩን በወረቀት ይቀበል። ስድስቱ ቁጥሮች ደካማ ወይም እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ከሆኑ፥ ወይም ሞተሩ በሞቀ ጊዜ ለመነሣት የሚያስቸግር ከሆነ፥ ማሸጊያዎቹ አልቀዋል ማለት ስለሆነ የሞተሩን መክፈቻ ዋጋ ከግዢው ጋራ ደምሮ ያስብ።

ይህን ሁሉ የጠበቀ ሰው እንኳ ከአንድ ችግር አያመልጥም፤ እርሱም የመለዋወጫ ዕቃ ነው። ብረት ቢሰበር ጎበዝ ባለ እጅ ሌላ ሊቀርጽ ይችላል፤ ነገር ግን የበር ላስቲክ፥ የኤሌክትሪክ ሽቦ፥ የፕላስቲክ ዕቃ ማውጫው ቅርጽ ከተጣለ በኋላ እንዲሁ አይገኝም። ስለዚህ ብዙ ባለቤቶች የሞተ ሁለተኛ አውቶሞቢል ገዝተው ብልቱን እየፈቱ የመጀመሪያውን ያኖሩበታል። ይህ መንገድ ግን አንዱን ለማዳን ሌላውን የሚያጠፋ ስለሆነ መጨረሻ አለው። ማዝዳ በ2017 ሮድስተር የተባለውን፥ በ1989 የወጣውን ትንሽ አውቶሞቢል በፋብሪካው ለማደስ መቁረጡን ገለጠ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ለአር ኤክስ ሰባት ከጠፉት መለዋወጫዎች ጥቂቶቹን እንደ ገና ወደ መሥራት ተመለሰ። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም ሁሉ ዕቃ አልተመለሰም፥ የተመለሰውም ርካሽ አይደለም።

ከዕቃው ይልቅ በቶሎ የሚጠፋው ግን የእጅ ዕውቀት ነው። አር ኤክስ ስምንት የተባለው የመጨረሻው ባለ ሮተር አውቶሞቢል በ2012 ሲቆም፥ ይህን ሞተር ለአዲስ አውቶሞቢል መሥራት ተቋርጦ ነበር። በ2023 ግን ጎማ ለማዞር ሳይሆን ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ሆኖ በአንድ አዲስ አውቶሞቢል ውስጥ ተመለሰ። በመካከል ባለፉት 11 ዓመታት ይህ ጥበብ ሕያው ሆኖ የቆየው አሮጌዎቹን በሚከፍቱና በሚገጥሙ ሜካኒኮች እጅ ጭምር ነው። እነርሱም ሥራ የሚያገኙት አሮጌውን አውቶሞቢል አልጥልም የሚል ባለቤት ሲኖር ነው። እንግዲህ አንድ ባለቤት ሞተሩን ባስጠገነ ቁጥር 47ቱ መሐንዲሶች ያገኙትን ዕውቀት ለአንድ ትውልድ ያስተላልፋል ማለት ነው።

ይህም ሆኖ የቤት አስተዳደር ከአውቶሞቢል ይቀድማል። ባልና ሚስት ሳይማከሩ እንዲህ ያለ ዕቃ ወደ ቤት ማስገባት አይገባም፤ ለልጆች ትምህርትና ለቤት ወጪ ከተመደበው ገንዘብ ተቀንሶ የሚጠበቅ አውቶሞቢል ለባለቤቱ ክብር ሳይሆን ለቤቱ ሸክም ነው። መልካሙ መንገድ የግብሩን፥ የምርመራውንና የዘይቱን ወጪ በዓመት ቈጥሮ፥ ሞተሩ ለሚከፈትበት ቀን ደግሞ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ለብቻ ማኖር ነው። ይህ የማይቻል ከሆነ በሙዚየም አይቶና አድንቆ መመለስ ማስተዋል እንጂ ነውር አይደለም።

የተቻለው ሰው ግን አንድ መዝገብ ይክፈት። ዘይቱ የተለወጠበትን ቀን፥ የተገዛውን ማሸጊያ፥ የተለካውን ግፊት፥ የጠገነውንም ባለ እጅ ስም በየጊዜው ይጻፍበት፤ ለመረከብ የሚሻ ልጅ ቢኖረው መለኪያውን እንዲመዝዝና እንዲያነብ ከትንሽነቱ ያስተምረው። አውቶሞቢሉ ከአንዱ ወደ ሌላው በተላለፈ ጊዜ መዝገቡ አብሮ ይሂድ። ተቀባዩ በሚያንጸባርቀው ቀለም ሳይሆን በዚያ መዝገብ፥ ከእርሱ በፊት የነበረው ሰው ገዢ ብቻ እንደ ነበረ ወይም ጠባቂ እንደ ነበረ ያውቃልና።